የካዜሎ ቬኪዮ ጩኸት በስፕሪንግ ቫሊ አዳራሽ

ሎስ አንጀለስ፣ ቅዳሜ ንጋት

ቅዳሜ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ካዜሎ ቬኪዮ የተባለ የጣልያን ባንድ በጌቱ ቫን ከሎስ አንጀለስ ወደ ላስ ቬጋስ ተነሣ። በቫኑ ውስጥ አራቱ የባንዱ አባላት፣ ሾፌሩ ጌቱና ይህን የምዘግበው እኔ ነበርን። ከኋላ አንድ ጊታር፣ አንድ ቤዝ ጊታር፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ የከበሮ ሳህኖችና አንድ ትልቅ ክብ አይብ ተጭነዋል።

ባንዱ ከአገሩ ወጥቶ ተጫውቶ አያውቅም። አሁንም የሚሄደው ለአንድ ኮንሰርት ብቻ ነው፤ ዛሬ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። እሑድ ማታ ይመለሳል፤ ማክሰኞን ያለ ሥራ ማሳለፍ የሚችል ከመካከላቸው የለም።

ስማቸው በሰፈራቸው አነጋገር «አሮጌው አይብ ቤት» ማለት ነው። በሰሜን ጣልያን በሜዳማው የገበሬ አገር፣ ሥራ ባቆመ አይብ ቤት ውስጥ ነው የሚለማመዱት። ጯሂው ዳቪዴ አሁንም አይብ ሠሪ ነው፤ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ተጠግቷል፤ ክንዶቹ የአናጢ ክንድ ይመስላሉ። ከበሮ መቺዋ ኤሊሳ የተማሪዎች አውቶቡስ ትነዳለች። ጊታርና ቤዝ የሚጫወቱት ሁለቱ ወንድማማቾች ትንሽ ያወራሉ፣ ብዙ ይተኛሉ።

«ጯሂው» ያልኩት አውቄ ነው። የሚጫወቱት ስክሪሞ ይባላል። ከሮክ የተወለደ ሙዚቃ ሆኖ፣ ዘፋኙ አይዘፍንበትም፣ ይጮህበታል። ጊታሩ እንደ ጣሪያ ጠብታ ቀስ ብሎ ይጀምርና ሳይታሰብ ይፈነዳል። ተጫዋቾቹ መድረክ አይወዱም። ወለል ላይ ክብ ሠርተው፣ እርስ በርስ እየተያዩ ይጫወታሉ፤ ሰው ዙሪያቸውን ይቆማል። በአገራቸውም ይህን የሚሰማ ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም ውስጥ ካዜሎ ቬኪዮን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። ሌሎች ባንዶች ወደ ጀርመንና ወደ ጃፓን ሲጋበዙ እነሱ አይብ ቤታቸው ውስጥ ቀሩ።

የጋበዘቻቸው የጌቱ የእህት ልጅ ሜሮን ናት። ላስ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች፣ ሆቴል እንግዳ መቀበያ የምትሠራ ወጣት ናት። ካሴታቸውን አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ለጥፎት አገኘችውና ጻፈችላቸው።

«ጎረቤቶቼ ሊያሾፉብኝ የጻፉት መስሎኝ ለወራት አልመለስኩላትም» አለኝ ዳቪዴ በእንግሊዝኛ። «ላስ ቬጋስ! ማን ያምናል?»

ባርስቶው፣ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል

ተራራውን አልፈን በረሃው ተዘረጋ። ቢጫ ምድር፣ አጫጭር ቁጥቋጦ፣ ረጅም የጭነት ባቡር። ወንድማማቾቹ ተኝተዋል። ኤሊሳ ከፊት፣ ከጌቱ ጎን ተቀምጣ እግሩን እያየች ነው።

«ቶሎ ቶሎ ትይዛለህ» አለችው ጣልያንኛ በተጫነው እንግሊዝኛ።

«ምን እያለች ነው?»

«ፍሬን ታበዛለህ ነው የምትለው» አልኩት።

ጌቱ ፊቱ በራ። አሜሪካ በዲቪ ከመምጣቱ በፊት አዲስ አበባ መካኒክ ነበር። ጣልያንኛ ተምሮ አያውቅም፤ ጋራዥ ውስጥ ግን አድጓል።

«ፍሬን!» አላት በጣቱ ወደ እግሩ እያመለከተ። «ፍሪሲዮን! ካንዴላ! ኩሽኔታ! ካቻቪቴ! ጎሚስታ!»

ኤሊሳ መጀመሪያ አፏን ከፍታ አየችው፤ ከዚያ እየሳቀች ደረቷን ያዘች። ወንድማማቾቹ ነቁ። ከዚያ ወዲያ እሷ አንድ የመኪና ዕቃ በስሙ ስትጠራ እሱ በአማርኛ ያለውን ይመልስላት ጀመር፤ አብዛኛው አንድ ሆነ።

«አየህ አንተ ሰውዬ» አለኝ ጌቱ በመስታወቱ እያየኝ። «አንተ ኮሌጅ ገብተህ አንድ ቃል አትችልም። እኔ ዘይት ውስጥ ተኝቼ ተማርኩት።»

ነዳጅ ልንቀዳ ባርስቶው ቆመን ሳለ ሜሮን ደወለች። ጌቱ ስፒከር ላይ አደረጋት።

«አጎቴ፣ ባድ ኒውስ። ቦታው የለም።»

«ምን ማለት ነው የለም?»

«ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ ገባ፤ ፍሎሩ ሙሉ ውሃ ነው። ባለቤቱ ካንስል አደረገ። እኔ ሌላ ቦታ እየደወልኩ ነው፣ ሁሉም ቡክድ ነው። ምን ልበላቸው?»

ዳቪዴ አማርኛ አያውቅም፤ የሜሮንን ድምፅ ግን ሰምቷል። የቡናውን ብርጭቆ ቫኑ ጣሪያ ላይ አስቀመጠና ጠየቀኝ። ነገርኩት። ለጓደኞቹ በአገራቸው ቋንቋ ነገራቸው። ኤሊሳ አንድ አጭር ቃል ተናገረች፤ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

«ቢያንስ አይቡ አለ» አለ ዳቪዴ። «ሰው ካለ እናበላዋለን።»

ቤከር፣ ሦስት ሰዓት ገደማ

ቤከር በረሃው መሐል ረጅም ቴርሞሜትር የቆመባት ትንሽ መንደር ናት። ደረቅ ሥጋ በከረጢት ይሸጣል፤ ሰው ሁሉ ሽንት ቤት ፍለጋ ይወርዳል። ጌቱ ስልኩን ይዞ ከቫኑ ራቅ ብሎ ሲንጎራደድ ቆየ። በእጁ ያስረዳል፣ ይለምናል፣ ይስቃል። ሲመለስ አውራ ጣቱን አነሣ።

«እትዬ ፅጌን አገኘኋቸው። አዳራሻቸውን ሰጡን።»

ወይዘሮ ፅጌ በስፕሪንግ ቫሊ፣ ከምግብ ቤታቸው ጀርባ አዳራሽ አላቸው። በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ብዙ ዓመት የሆቴል ክፍል አጽድተው የከፈቱት ነው። በላስ ቬጋስ ያለ ሐበሻ ሰርጉንም፣ ክርስትናውንም፣ ሐዘኑንም እዚያ ያደርጋል። ጌቱ ደግሞ በየሳምንቱ መጨረሻ የሰርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራየው እዚያው ነው።

«ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሆነ ነገርካቸው?» አልኩት።

«የጣልያን ዘፈን ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው።»

ስፕሪንግ ቫሊ፣ ረፋድ

ከቁልቁለቱ ማዶ ከተማው ብቅ ሲል ወንድማማቾቹ ስልካቸውን አወጡ። ትልልቆቹን ሆቴሎች በስተቀኝ ትተን ወደ ምዕራብ ታጠፍን። አዳራሹ ከጥፍር ቤትና ከልብስ ንጽሕና ቤት መሐል ነው፤ ፊት ለፊቱ ሰፊ መኪና ማቆሚያ አለ። ሜሮን በጥቁር ቲሸርት በሩ ላይ ትጠብቅ ነበር። ዳቪዴን ስታይ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እሱም አይቡን ሰጣት። ከክብደቱ የተነሣ ልትወድቅ ነበር።

ውስጡ ሰፊ ነው። ነጭ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮች፣ የወርቅ ቀለም ያለው መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ ሮዝ ፊኛዎች። ነገ እዚያ የአንዲት የሰማንያ ቀን ሕፃን የክርስትና ድግስ አለ። ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ወጥ ቤት ሴቶች ለዶሮ ወጡ ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ ሽታው እስከ መኪና ማቆሚያው ይወጣል።

ወይዘሮ ፅጌ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ወጥተው አራቱንም ጨበጡ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ወንበሬን እንዳትሰብሩ፣ ፊኛዬን እንዳትነኩ። ዘፈኑ ለስለስ ያለ ነው አሉኝ።»

ጌቱ ጫማውን ተመለከተ።

ከቀትር በኋላ

ሜሮን ከበሮ ከጓደኞቿ አምጥታለች። ጌቱ ማጉያዎቹን ተከለ። አንዱ ገመድ አልሠራ ሲል ክንዱን ዘርግቶ «ካቻቪቴ!» ብሎ ጮኸ፤ ታናሽየው ወንድም ቀና ሳይል መፍቻውን አቀበለው።

መድረኩ ላይ ማንም አልወጣም። አራቱ አዳራሹ መሐል ክብ ሠርተው ቆሙ። የማቀዝቀዣው አየር እንዳይወጣ በሩ ተዘግቷል። ጊታሩ ጠብ፣ ጠብ አለ። ዳቪዴ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት እያየ ነበር። ማይክሮፎኑን ከኋላው ትቶታል፤ ልማዱ ነው። ጌቱ ግን የረሳው መሰለውና ይዞለት ሄደ። ዳቪዴ በእጁ «ተወው» አለው።

ከዚያ ጮኸ።

በብዙ ዓመት የዘገባ ሥራ ብዙ ድምፅ ሰምቻለሁ። ይህ ድምፅ ከሆድ የሚነሣ፣ መሐሉ ላይ የሚሰነጠቅ፣ ተሰንጥቆም የማያቆም ነው። ሰውዬው በጉልበቱ ተንበረከከ። ሦስቱ ጓደኞቹ ከበውታል።

የወጥ ቤቱ በር ተበረገደ። ወይዘሮ ፅጌና ሦስት ሴቶች እየሮጡ ገቡ። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው እየለበሱ ነው። አራቱም ዓይናቸው ቀልቶ እንባቸው ይወርዳል፤ ከሽንኩርቱ ነው፣ ግን በዚያች ሰዓት ያን ማን ያውቃል? አንዷ ደረቷን መታች። ሁለቱ ዳቪዴን በግራና ቀኝ ብብቱ ይዘው አነሡት። ወይዘሮ ፅጌ ጭንቅላቱን ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

«አይዞህ የኔ ልጅ! እግዜር ያጥናህ! በሰው አገር፣ እንዲህ ያለ መርዶ!»

ከበሮው ቆመ። ጊታሩ ብቻ ሳይነካ እዬዬ ይላል።

ምን እንደተፈጠረ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ላስ ቬጋስ ያለ ሰው አገር ቤት ዘመድ ሲሞትበት ብቻውን በስልክ አይነገረውም። ወዳጆቹ ምክንያት ፈጥረው ወደዚህ አዳራሽ ያመጡታል፣ በር ይዘጋሉ፣ ይከቡታል፣ ያረዱታል። ሴቶቹ ያዩት ይህንኑ ነው። ከሩቅ ሻንጣ ይዞ የመጣ እንግዳ፣ የተዘጋ በር፣ ከበው የቆሙ ሰዎች፣ ከዚያ ጩኸት።

«እትዬ፣ ዘፈን ነው እኮ!» አለ ጌቱ።

«አፍህን ዝጋ! ሰው እያለቀሰ ዘፈን ትላለህ? ማን ነው የሞተበት? እናቱ ናት?»

«ማንም አልሞተም!»

«ታዲያ ምን ነግራችሁት ነው የጮኸው?»

ሜሮን መሐል ገባች። «እትዬ ፅጌ፣ ኦነስትሊ፣ ሙዚቃው እንዲህ ነው። እሱ ኦኬ ነው። እሱ እንዲህ ነው የሚዘፍነው።»

ወይዘሮ ፅጌ የዳቪዴን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው መረመሩት። ፊቱ ቀልቷል፣ ዓይኑ ረጥቧል፣ ግን ፈገግ ብሏል። እጃቸውን ለቀቁት፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቀጥሎ የመጣው ቁጣ ነው።

«ጌቱ! ለስላሳ ነው አላልከኝም? ነገ እዚህ ሕፃን ክርስትና ተነሥታ ትመጣለች። በዋዜማው የለቅሶ ጩኸት አላስገባባትም። ይቅርታ ልጆቼ፣ እዚህ አይሆንም። ዕቃችሁን አንሡ።»

ሌላ ቦታ የለም። ሜሮን ማልቀስ ጀመረች፤ የእሷ ከሽንኩርት አልነበረም። ኤሊሳ ዱላዎቿን ከበሮው ላይ አስቀመጠች።

ዳቪዴ ግን የሴቶቹ እጅ የነካውን ክንዱን እያየ ቆሞ ነበር። «ምን ብለው ነው የመጡት?» አለኝ። ነገርኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሃያ ዓመት ስጮህ» አለ፣ ሜሮን እየተረጎመች፣ «ሰው ወይ ከአዳራሹ ይወጣል፣ ወይ ጆሮውን ይዞ ይቆማል። ወደ እኔ የሮጠ ሰው የለም። እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ።»

«ታዲያ ሰው ሲጮህ ዝም እንላለን?» አሉ ወይዘሮ ፅጌ። አሁንም ተቆጥተዋል፤ ግን ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትጮኸው ግን?»

ዳቪዴ ነገራቸው። ዘፈኑ ስለ ሴት ልጁ ነው። እሷ የተወለደች ለት ባልተለመደ ወቅት በረዶ ጥሎ መንገድ ተዘግቶበት ነበር። ሚስቱ ሆስፒታል፣ እሱ አይብ ቤቱ። ስልኩ ጮኸ፤ የሕፃን ለቅሶ ሰማ። ወደ ሜዳው ወጥቶ እስከ ቻለው ድረስ ጮኸ። የመለሰለት የጎረቤት ውሻ ብቻ ነበር።

ሜሮን ተርጉማ ስትጨርስ ወጥ ቤቱ በር ላይ የቆሙት ሴቶች ተያዩ።

«ሴት ልጅ?» አሉ ወይዘሮ ፅጌ።

«ሴት። ጁሊያ።»

«እልልታ ነዋ እንግዲህ! ይሄ የደስታ ጩኸት ነው። ታዲያ ማን እልል አለላት?»

«ማንም» አለች ሜሮን። «ዶጉ ብቻ።»

«ኧረ በስመ አብ!»

ከዚያ በኋላ የተከራከሩት በእልልታው ቁጥር ነው። አንደኛዋ በእኛ አገር ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው አለች። ሌላዋ የለም፣ ለሴት አምስት ነው አለች። ወይዘሮ ፅጌ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሴትና ወንድ ልዩነት የለውም። ለነገዋም ሰባት ነው፣ ለጁሊያም ሰባት ነው። አንተ ልጅ፣ እስኪ ንገረኝ፤ ዘፈንህ ውስጥ ሰው እልል የሚልበት ቦታ አለው?»

አለው። ዘፈኑ መሐል ላይ ሁሉም ነገር የሚቆምበት፣ ጊታሩም ከበሮውም ዝም የሚሉበት ረዘም ያለ ቦታ አለ። ዳቪዴ አሳያቸው። ሴቶቹ ቢላቸውን እንደያዙ ቆመው ተለማመዱ። መጀመሪያ ቀድመው ገቡ፤ ኤሊሳ በዱላዋ «ገና!» እያለች አስቆመቻቸው። በሦስተኛው ልክ ገባላቸው።

«በሉ ወደ ሽንኩርቱ» አሉ ወይዘሮ ፅጌ። «አሥራ ሁለት ሰዓት እንመጣለን።»

ምሽት

ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ መኪኖች መጡ። ከሄንደርሰን፣ ከዊትኒ፣ ከዚያው ከሰፈሩ። ጥቁር ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች፣ ሺፍት ጨርሰው የካዚኖ ሰደርያቸውን ያላወለቁ ሁለት ካርታ አከፋፋዮች፣ ልጇን በትከሻዋ የተሸከመች እናት። መግቢያው በነፃ ነው። በሩ ላይ ጌቱ አይቡን በቢላ እየፈለጠ ያድላል፤ ጎኑ ሜሮን የተቆራረጠ አምባሻ ይዛለች። አይብ በአምባሻ ቀምሻለሁ፤ ጨው ያለው፣ በጥርስ መሐል እንደ ስኳር የሚሰነጠቅ አይብ ነው፤ ይስማማል።

የነገዋ ሕፃን አባት ለስላሳ መጠጥ ሊያራግፍ መጣና አንድ ሳጥን እንደተሸከመ መሐል አዳራሹ ቆሞ ቀረ።

ሲጀምሩ ሰዉ ጠጋ አለ። ወጣቶቹ ቃሉን ያውቁታል፤ ይህን አልጠበቅኩም፣ ባንዱም አልጠበቀም። አንዲት ቀይ ፀጉር ያላት ልጅ ጣልያንኛ ሳታውቅ ከዳቪዴ እኩል ትጮሃለች። ታላቅየው ወንድም ገርሞት አንድ ኖታ ሳተ፤ ታናሽየው ሳቀበት። ጌቱ ከልማዱ የተነሣ የሰርግ ኤኮ ከፍቶ ነበርና የመጀመሪያው ዘፈን ጩኸት አራት አራት ጊዜ ተመላለሰ፤ ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ዳቪዴ ከማይክሮፎኑ በራቀ ቁጥር ጌቱ ይዞለት ይሮጣል። በሰዉ መሐል ሲያሳድደው ላየ፣ የባንዱ አምስተኛ አባል ይመስላል።

የጁሊያ ዘፈን የመጨረሻው ነበር። ወይዘሮ ፅጌና ሴቶቹ በአንድ ረድፍ ግድግዳው ሥር ቆመዋል፤ አሁን ነጠላቸውን እንደ በዓል አጣፍተውታል። ጊታሩ ጠብ፣ ጠብ አለ። ዳቪዴ ጮኸ፣ ተንበረከከ። ከዚያ ሁሉም ነገር ቆመ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ዳቪዴ እጁን ወደ ጌቱ ዘረጋና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክሮፎኑን ፈለገው። ግን አልወሰደውም። በጣቱ ወደ ሴቶቹ አመለከተው። ጌቱ ገባው፤ ማይክሮፎኑን ይዞ ሮጠና ፊታቸው ያዘው።

እልልታው አዳራሹን ሞላው። ወጣቶቹ ዘወር ብለው አዩ፤ ከዚያ ሁሉም ጮኹ። ከበሮው ተመለሰ። የሕፃኗ አባት ሳጥኑን አስቀምጦ እያጨበጨበ ነበር። ዳቪዴ መሬት ላይ ተቀምጦ ይስቃል፤ የቀረውን ግማሽ ዘፈን የጮኸው ሰዉ ነው።

ወንበር አልተሰበረም። ሮዝ ፊኛዎቹም አልተነኩም።

እሑድ፣ ወደ ሎስ አንጀለስ

ንጋት ላይ ተነሣን። ወይዘሮ ፅጌ ግማሽ ድፎ ዳቦና አንድ ከረጢት ቆሎ ሰጥተውናል። በሩ ላይ ዳቪዴን ግንባሩን ስመው «ጁሊያን ይዘሃት ና» አሉት። የዳቪዴ ድምፅ ተዘግቷል፤ ራሱን ነቀነቀ።

ቤከርን ስናልፍ ኤሊሳ ስለ ፍሬኑ አንድ ነገር ተናገረች። ጌቱ ጣልያንኛ በመሰለው ቋንቋ መለሰላት፤ ተሳሳቁ። ዳቪዴ ከኋላ የጌቱን ትከሻ መታ አደረገና ስምንት ጣቶቹን አሳየው።

«ምን ይላል ይሄ?»

«እልልታው ስምንት ነበር ነው የሚለው» አልኩ።

«ሰባት ነው የተባለው፤ ሰባት ነው» አለ ጌቱ። አንገቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ዳቪዴ ስምንቱን ጣቶች እንደያዘ በመስታወቱ ያየዋል። «ምን ታየኛለህ? ወንድ ልጅ እልል ይላል እንዴ?»

ከቀትር በኋላ አውሮፕላን ማረፊያ አደረስናቸው። ኤሊሳ ከመውረዷ በፊት የእጅ ፍሬኑን ራሷ ሳበችው።

ሜሮን ኮንሰርቱን ቀርጻው ነበር። ከሳምንታት በኋላ ባንዱ ቀረጻውን ካሴት አድርጎ አወጣው፤ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለወይዘሮ ፅጌ ተላከ። የመጨረሻው ዘፈን መሐል ያለውን ዝምታ አልቆረጡትም። እልልታውን ደጋግሜ ቆጠርኩት። ስምንት ነው። ስምንተኛው የወንድ ድምፅ ነው፤ ከሁሉም ለማይክሮፎኑ የቀረበው እሱ ነው።